ሦስት ጣት እጥፋት

ውቢት ሁለት ዕድሜ አላት። አንደኛው እናቷ የምታውቀው ነው፤ ዘንድሮ ሠላሳ አምስት። ሁለተኛው ፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው ነው፤ አርባ ሦስት። በመካከል ያሉትን ስምንት ዓመታት የጨመረላት፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ ወደ ጅዳ የላካት ደላላ ነው። ጧት ቢሮው ገብታ ከሰዓት በኋላ ስምንት ዓመት አርጅታ ወጣች። በወረቀት ከታላቅ እህቷ ትበልጣለች። እህቷ ልትቆጣት ስትነሣ "ታላቅሽን አክብሪ!" ብላ ፓስፖርቱን ከሣጥን ታወጣለች።

ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ይዛ የመጣችው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ የስፌት መኪናና ያለ ቦታው የሚመጣ ሳቅ። መኪናው በደንብ ይታዘዛል፤ ሳቁ ግን አይታዘዝም። ሲጨንቃት ይመጣል፣ ሲደላት ይመጣል፣ ዝም በሉ በተባለበት ቦታ ሁሉ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ስትገባ የነጠላዋን ጫፍ አስቀድማ በጥርሷ ትይዛለች። አንድ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ሲነገር ፈንድታ፣ ከዚያ ወዲህ የስብሰባ ጥሪ የሚያድሉት ሰዎች የእሷን በር ዘለው ያልፋሉ። እሷም አልከፋትም፤ ሥራ አላት።

ሱቋ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ የብረት ማስመሪያ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ ሦስት ሜትሮች። የልብስ ሰፊ ሜትር እየተሳበ ሲሄድ ይረዝማል፤ ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ከብረቱ ማስመሪያ ጋር ታስተያየዋለች፤ የረዘመውን ለጎረቤት ልጆች መጫወቻ ትሰጣለች።

ሌሎች ሰፊዎች የተማሪ ዩኒፎርም ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እያሉ ይቆርጣሉ። ውቢት ግን ያልለካችውን ሰው አትሰፋም። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ሚኒባስ ተሳፍራ ክምር ድንጋይ ከተማ ትወርዳለች፤ ከዚያ በጭቃው ሁለት ሰዓት በእግሯ ወደ ጉና ሽቅብ ትወጣና አንድ ትምህርት ቤት ትገባለች። ልጆቹ በብርዱ እየተንቀጠቀጡ ይሰለፋሉ። አንድ በአንድ ትለካለች፣ በልክ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ ስም፣ ክፍል፣ ደረት፣ ወገብ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ቁመት፣ ከሁሉም መጨረሻ እጥፋት። እጥፋት ማለት ከቀሚሱ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመቀመው ትርፍ ጨርቅ ነው። ለአዋቂ አንድ ጣት ይበቃል። ለልጅ ሦስት ጣት ይተዋል፤ ልጅቱ ስትረዝም ስፌቱ ይፈታና ቀሚሱም አብሯት ይረዝማል። በዚያ ደጋ ይህን የማያውቅ እናት የለም።

ሌላም ደንብ አላት፤ ልብስ ያዘዘ ሰው ያዘዘውን አንብቦ ደብተሩ ላይ ይፈርማል። ይህን ያመጣችው አንድ ሰውዬ ሁለት ኪስ ያለው ሱሪ አዝዞ "አራት ነው ያልኩት" ብሎ በታቦት ከማለባት በኋላ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ለጥምቀት አምስት ቀን ሲቀር ነው። በዚያ ሰሞን የልብስ ሰፊ ቤት እንደ ንብ ቀፎ ነው። ጋሽ ሙላቴ ሦስት ልጆች አስከትሎ ገባ። ጋሽ ሙላቴ እህል ይነግዳል፣ ሰውን ከሥራ ያገናኛል ይባላል፣ ከሁሉ በላይ ግን በስስቱ ይታወቃል፤ ጨርቅ ሲቆረጥለት አጠገብ ቆሞ እያንዳንዷን ቁራጭ በዐይኑ ይከተላል።

"ለእነዚህ ቀሚስ ስፊላቸው" አለ። "የዘመድ ልጆች ናቸው፣ ለጥምቀት ላልብሳቸው ብዬ ነው።"

ውቢት ከልጆቹ አንዷን አወቀቻት። "ዝናሽ አይደለሽ እንዴ? ሰባተኛ 'ሀ'?"

ዝናሽ አንገቷን ደፋች። ውቢት አፍራ ነው ብላ ሜትሩን አነሣች። ወረፋው በሩ ድረስ ደርሷል፤ ለመጠርጠር ጊዜ አልነበረም።

"ረዘም ይበል" አለ ጋሽ ሙላቴ። "ትልቅ ሴት ያስመስላቸው።"

"የትልቅ ሴት ከሆነ አንድ ጣት አጥፌ እጨርሰዋለሁ።"

"ኧረ በስማም! ተረፍ አድርገሽ እጠፊው እንጂ! ልጆች አይደሉ? ነገ ያድጋሉ። ዓመት ሳይሞላ አጠረን ብለው ሌላ ሊያስገዙኝ ነው?"

ልጆቹን ከጥምቀት ማግስት መኪና ላይ እንደሚጭናቸው ልቡ ያውቃል። ለሚቀጥለው ዓመት ቀሚሳቸው የሚጨነቅበት አንዳች ምክንያት አልነበረውም። ግን ጨርቅ ፊቱ እየተቆረጠ ዝም ማለት አልሆነለትም፤ ስስቱ ከእሱ ቀድሞ ተናገረ። ውቢትም እንደ ደንቧ ጻፈች፤ "እጥፋት ሦስት ጣት። ልጆች ስለሆኑ ያድጋሉ፣ ጋሽ ሙላቴ እንዳሉት።" እሱም አነበበና በትልቁ፣ ጭራ ባለው ፊርማው ፈረመ።

ከዚያ ጥምቀት አለፈ፣ ሑዳዴ ገባ፣ ክረምቱም አለፈ። ጋሽ ሙላቴ ታስሯል የሚል ወሬ ውቢት ጆሮ ደርሶ ነበር። "ሦስት ሴቶች መተማ መንገድ ላይ ኬላ ሲደርሱ ተያዙ፣ በሱዳን አድርጎ ሊያሻግራቸው ነበር አሉ" ተባለ። ሴቶች ስለተባለ ሴቶች መሰሏት። ቀጥሎም "በፈቃዳቸው የሄዱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ መታወቂያቸው ላይ ሃያ ዓመት ይላል፣ ይፈታል" ተባለ። እሷም መኪናዋን መርገጧን ቀጠለች።

ኅዳር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት የገጠር ሴት ልጇን እጇን ይዛ ገባች።

"እትዬ ውቢት፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥሩወርቅ እባላለሁ፣ የዝናሽ እናት። የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለን፣ ይቺ ደግሞ ከዚህ ቀሚስ ሌላ የላት። አጠረባት። እባክሽ ጫፉን ልቀቂልን።"

ዝናሽ መካከል ላይ ቆመች። ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቷን ትቶ ወጥቷል። ውቢት እንደ ልማዷ አስቀድማ ለካች፣ ጻፈች፣ አጎንብሳ ስፌቱን ልትፈታ ምላጭ አነሣች። ከዚያ እጇ ቆመ። ስፌቱ የራሷ ነው። ሦስት ጣት። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠች።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ የምን ፍርድ ቤት ነው?"

ጥሩወርቅ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሁሉን ነገረቻት። ዝናሽ ጋሽ ሙላቴ መኪና ላይ ከተያዙት ሦስት ልጆች አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ አክስቷ ቤት ተደብቃ ከረመች፤ ትምህርት ቤትም አልተመለሰችም። አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ዕድሜዋ ስንት ነው? ዐቃቤ ሕጓ እንዳስረዳቻት፣ ሕፃን ከሆነች ፈቃደኛ ነበረች አልነበረችም ብሎ መከራከር አይቻልም፤ ሕጉ ይህን በር ዘግቶታል። ሃያ ከሆነች ግን የሙላቴ ጠበቃ "በገዛ እግሯ ሄደች፣ እሱ መንገድ ነው ያሳያት" ይላል። የሌሎቹም የሁለቱ ነገር ከእሷ ጋር የታሰረ ነው። የልደት ወረቀት የላትም። የሐኪሙ ወረቀት "ከዐሥራ አራት እስከ ሃያ" ይላል።

"እኔንም ጠየቁኝ" አለች ጥሩወርቅ። "በረዶ ገብሳችንን ባጠፋው ዓመት ነው የወለድኳት አልኩ። ጠበቃው ምን ቢል ጥሩ ነው? 'ጉና ላይ በረዶ የማይጥልበት ዓመት የቱ ነው?' እውነቱን ነው እኮ፣ በየዓመቱ ይጥላል።"

"ሃያ ነው ያሏት?" አለች ውቢት።

"ሃያ።"

ሳቁ መጣ። ውቢት መኪናው ላይ ተደፍታ፣ ደብተሩን በመዳፏ እየመታች ሳቀች። ጥሩወርቅ ደነገጠች፤ ዝናሽ ግን ምን እንዳሳቃት ሳታውቅ አብራ ጀመረች።

"ምነው እትዬ ውቢት፣ በልጄ መከራ?"

"ኧረ እኔን! ይቅር በይኝ! ስሚ እንጂ! አምስተኛ ክፍል መቶ ሰባት ሳንቲ ሜትር። ስድስተኛ፣ መቶ ዐሥራ ሁለት። ሰባተኛ፣ መቶ ዐሥራ ሰባት። ጥር ላይ መቶ ዐሥራ ዘጠኝ። ዛሬ መቶ ሃያ ሦስት! ሃያ ዓመት የሞላት ሴት በዐሥር ወር አራት ሳንቲ ሜትር የምትረዝመው ምን በልታ ነው? እኛም እንብላው!"

ጥሩወርቅ ቀስ ብላ ተነሣች። "ጫፉን አትልቀቂው፣ ዳኞቹ ይዩት" አለች፤ ከውቢት ቀድማ ገባት።

ውቢት ሱቁን ዘግታ፣ ደብተሩን ከደረቷ አጣብቃ፣ እናትና ልጅ ግራና ቀኝ ይዘዋት በአንድ ባጃጅ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ደረሱ። ነገሩን የያዘችው ዐቃቤ ሕግ ኤሌኒ ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ገና ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ በስተቀኝም በስተግራም የፋይል ክምር አጥሯታል። ደብተሩን ገለጠች፣ ፊቷ አልተለወጠም። ሙላቴ የፈረመበት ገጽ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ይሄ የማን ፊርማ ነው?"

"የራሱ። አንብቦ ነው የፈረመ። እኔ ሳይነበብ አላስፈርምም።"

ኤሌኒ ተነሥታ በሩን ዘጋችና ባለችበት ሁለት ጊዜ ዘለለች። ከዚያ ካባዋን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። "እትዬ ውቢት፣ ተጨማሪ ምስክር ሆነው እንዲቀርቡ አመለክታለሁ። ደብተሩ እንዲሁ እንዳለ ይቅረብ፤ አንድም ገጽ እንዳይቀደድ። ልጅቱ ያንኑ ቀሚስ ትልበስ። እና አንድ ነገር ልለምንዎ።"

"ምን?"

"ይስቃሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። የቀበሌውን ስብሰባ ነግረውኛል። ችሎት ፊት ከሳቁ ጠበቃው 'ይቺ ሴት ቀልደኛ ናት' ብሎ ምስክርነትዎን ገደል ይከተዋል።"

ውቢት "አልስቅም" ልትል አፏን ከፈተችና እዚያው ሳቀች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያው ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ሱቋ በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። የጋሽ ሙላቴ ቤተ ዘመድ ልኳቸው ነው። ፊት የቆሙት ጋሽ ደሳለኝ ናቸው፤ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ ሲያስታርቁ ያረጁ ሰው።

"ደኅና ዋልሽ፣ ልጄ።"

"እግዜር ይመስገን። ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ። ኮትዎ ለልክ ደርሷል፣ ይለኩት።"

"ለኮት አልመጣንም።"

"መጥተው የለ? ይለኩት።"

ጋሽ ደሳለኝ ኮቱን ለበሱ፤ ውቢት ትከሻቸው ላይ ጠመኔ ታሰምራለች፣ እሳቸው ይናገራሉ። ሙላቴ ተሳስቷል፣ ማን የማይሳሳት አለ፣ ለልጆቹ ቤተሰብ ካሣ ይከፈላል፣ ሰው አልሞተ፣ ሁሉም በእርቅ ይለቅ። "አንቺን የምንለምንሽ ትንሽ ነገር ነው። ደብተሩን አይጥ በላው በይ።"

"አይጥ?"

"አዎ። እንዲህ ያለ ቤት አይጥ አይጠፋውም።"

"አይጧን ምን ላድርጋት ጋሼ? ትመስክር ተብላ ብትጠራስ?"

ከኋላ ከቆሙት የአንዱ ሽማግሌ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ደሳለኝ ዞረው ገላመጧቸው። "ይቺ ልጅ ቁም ነገር አታውቅም" አሉ። "አንቺም ከሰው ጋር ነው የምትኖሪ። ነገ ልብስ የሚያሰፋሽ ማን ይመስልሻል?"

ይህኛው አላሳቃትም። ገበያው ትንሽ ነው፤ የእነዚህ ሦስት ሰዎች አፍ ሱቋን ሊያዘጋው ይችላል። ጠመኔውን አስቀመጠች። ደብተሩን አመጣች፣ አንድ ገጽ ገለጠችና ዘረጋችላቸው።

"ይሄ የሕይወት ገጽ ነው፤ የልጅ ልጅዎ። መስከረም ላይ የለካኋት። ቁመቷን ያንብቡልኝ።"

"መቶ ዐሥራ ዘጠኝ" አሉ ጋሽ ደሳለኝ፣ ደብተሩን ከዐይናቸው አርቀው።

"ይሄ ደግሞ የዝናሽ ነው፤ ሙላቴ ባመጣት ቀን።"

አነበቡት። ከንፈራቸው እንደገና መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ሲል ታየ። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል። "ሕይወት ስንት ዓመቷ ነው፣ ጋሼ?" አለች ውቢት፣ በቀስታ።

ጋሽ ደሳለኝ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ከደኑት። ኮቱን እንደለበሱ፣ ጠመኔው ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ጋሽ ደሳለኝ ከደጅ ሆነው እንዲህ ሲሉ ተሰሙ፤ "በእርቅ የሚያዝ ነገር አይደለም። ይፍረድ መንግሥት።" ከአፍታ በኋላ ተመለሱ፤ ኮቱ እጅጌው ገና አልተሰፋም ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ውቢት ነጭ ለብሳ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሜትርና የብረት ማስመሪያ፣ መቀስና ምላጭ በቦርሳ ይዛ ፍርድ ቤቱ በር ደረሰች። ጠባቂው ቦርሳውን ከፈተ።

"ምንድን ነው ይሄ? መቀስ? ምላጭ? ወይዘሮ፣ ሰው ሊቆርጡ ነው የመጡ?"

"ለስፌት ነው!"

"ሲወጡ ይወስዳሉ።" መቀሱንና ምላጩን አስቀረ። ማስመሪያውን አገላብጦ አየ፣ በመዳፉ ደበደበው፣ ምን እንደሚያስከለክለው ስላጣ መለሰላት።

ችሎቱ ዝግ ነው፤ ልጆች ስላሉበት ሌላ ሰው አልገባም። ሦስት ዳኞች፣ የችሎቱ ጸሐፊ፣ ኤሌኒ፣ ጠበቃው፣ ጋሽ ሙላቴ ከፖሊስ ጋር፣ ዝናሽና እናቷ። ውቢት ቃለ መሐላ ፈጸመች። ሳቁ ቢመጣ እንድትነክሰው የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ጠቀለለች።

ኤሌኒ ጠየቀች፣ ውቢት መለሰች፤ ቁጥሩን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ በአንድ። ከዚያ ጠበቃው ተነሣ።

"ወይዘሮ ውቢት፣ ሐኪም ነዎት?"

"አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"ታዲያ ዕድሜ እንዲወስኑ ማን ፈቀደልዎ?"

"ዕድሜ አልወሰንኩም። ቁመት ነው የለካሁት። ሐኪሙ አንድ ቀን አያት፤ እኔ አምስት ጊዜ ለካኋት።"

"ሃያ ዓመት የሞላው ሰው አይረዝምም ነው የሚሉት?"

"እኔ የለካሁት አልረዘመም። ለእርስዎ ስምንት ዓመት ሰፍቼልዎታለሁ፤ ገጽዎ እዚሁ ደብተር ውስጥ ነው። ቁመትዎ ስምንት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ወገብዎ ግን..."

"ስለ ወገብ አልተጠየቁም" አሉ ሰብሳቢው ዳኛ።

"ይቅርታ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

ጠበቃው የኮቱን ቁልፍ ያዘ። "ሜትር ይሳሳታል፤ ጨርቅ ነው፣ ይሳባል።"

"ይሳባል" አለች ውቢት። "ስለዚህ ነው በየወሩ ከብረት ጋር የማስተያየው። ደግሞም ሜትር ሲሳብ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሜትሬ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ አጥራ ነበር የምትታይ።" ማስመሪያውን ከቦርሳዋ አወጣች። ሰብሳቢው ዳኛ ሜትሩን ወስደው ራሳቸው ማስመሪያው ላይ ዘረጉት፤ ግራ ዳኛው አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። ልክ ነው።

ከዚያ ሰብሳቢው ዳኛ ጋሽ ሙላቴ የፈረመበትን ገጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። "'እጥፋት ሦስት ጣት። ልጆች ስለሆኑ ያድጋሉ፣ ጋሽ ሙላቴ እንዳሉት።' ፊርማው የእርስዎ ነው?"

ጋሽ ሙላቴ ጠበቃውን አየ። ጠበቃው ጣራውን አየ።

"የእኔ ነው" አለ በመጨረሻ። "እኔ ግን ያልኩት ስለ ጨርቁ ነው!"

"ጨርቁ ያድጋል?" አሉ ግራ ዳኛው።

ጸሐፊዋ ፊቷን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ደበቀች። ሰብሳቢው ዳኛ ረጅም ሳል ሳሉ። ኤሌኒ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ ውቢትን ታያለች፤ በዐይኗ ትለምናታለች። ውቢት የነጠላዋ ጫፍ አፏ ውስጥ ነው፣ ዐይኗ እንባ አቅርሯል፣ ጉንጮቿ እንደ ጥሩምባ ነፊ ተወጥረዋል። አልሳቀችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓለም ሁሉ በሳቀበት ሰዓት፣ እሷ አልሳቀችም።

"የሚሉትን እጥፋት ማሳየት ይችላሉ?" አሉ ሰብሳቢው ዳኛ።

ዝናሽ መካከል ላይ ቆመች። ቀሚሱ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ነው። ውቢት ተንበረከከች፣ ምላጭ ልትወስድ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ባዶ። ምላጩ ጠባቂው ዘንድ ነው። ከዚያ ትዝ አላት፤ የጥምቀት ሰሞን ጥድፊያ ስለነበር ጫፉን በእጅ ነው የቀመቀመችው፣ በአንድ ክር። እንዲህ ያለው ስፌት ክሩ ታስሮ ካለቀበት ጫፍ ከተያዘ እንደ ሹራብ ይተረተራል። ቋጠሮውን በጣቷ ፈለገች፣ በጎን ስፌቱ አጠገብ አገኘችው፣ በጥርሷ በጠሰችው። ክሩን ይዛ ሳበች።

ክሩ ሮጠ። ዝናሽ "ውይ!" አለች፣ እግሯን ኮረኮራት። ቀሚሱ ዙሪያውን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ወረደና ቁርጭምጭሚቷ ላይ አረፈ። ጥር ላይ የነበረው ጫፍ ዙሪያውን በደማቅ መሥመር ታትሟል፤ ከመሥመሩ በላይ ፀሐይ ያደበዘዘው፣ ከመሥመሩ በታች እንደ አዲስ የሚያበራ ጨርቅ። ሰብሳቢው ዳኛ ማስመሪያውን ይዘው ከመቀመጫቸው ወረዱ። ለኩ። ደብተሩን አዩ። ደግመው ለኩ።

"ይመዝገብ" አሉ ለጸሐፊዋ።

ውሳኔው በሳምንቱ ተነበበ። የሐኪሙ ወረቀት፣ የእናትየዋ ቃልና የልክ ደብተሩ አንድ ላይ ሲታዩ ዝናሽ በተወሰደችበት ቀን ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ እንደነበረች ተረጋግጧል፤ ሕፃን ስለሆነች ፈቃድ ነበራት የሚለው ክርክር ተቀባይነት የለውም፤ ተከሳሹ ልጆቹን ሕፃናት መሆናቸውን እያወቀ እንዳጓጓዛቸው በገዛ ቃሉና በፊርማው ታውቋል፤ በሕፃናት ላይ በተፈጸመ በሰው የመነገድ ወንጀል ጥፋተኛ ነው። ጋሽ ሙላቴን ወደ ማረሚያ ቤት ሲመልሱት ወደ ውቢት ዞሮ "አንድ ጣት ባልሽ ጊዜ ዝም ብዬ ቢሆን!" አለ። ፖሊሱ "ቅደም" አለው።

ውቢት እስከ በሩ ድረስ በጸጥታ ሄደች። ባለፈው ሳምንት ረስታቸው የሄደችውን መቀሷንና ምላጯን ከጠባቂው ተቀበለች፣ ፈረመችለት። የአጥሩን በር እግሯ እንዳለፈ ፈነዳች። ሰው ቆሞ አያት፣ ባጃጆች ቆሙ፤ አንዲት እናት ልጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። ኤሌኒ ካባዋን ክንዷ ላይ አድርጋ ከኋላ ደረሰች፤ ልታረጋጋት ነበር የመጣችው፣ እሷም ግንቡን ተደግፋ ሳቀች።

በባጃጁ ውስጥ ጥሩወርቅ የፍርዱን ግልባጭ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ማንበብ ባትችልም፣ በጣቷ መሥመሩን ትከተላለች። "የቱ ጋ ነው ዕድሜዋ ያለው?"

"እዚህ" አለች ውቢት።

"እሰይ! እንግዲህ በየትም አገር ወስደው ሃያ ሊሏት አይችሉም።"

ዝናሽ በሁለቱ መካከል ተጣብቃ ተቀምጣለች። በወረቀቱ ላይ አንገቷን አሰገገች፣ "ሕ-ፃ-ን" ብላ አነበበችና ቀና አለች። "እማ! ሕፃን ነኝ ተብሎ ተፈርዷል እኮ። በማኅተም! እንግዲህ ውሃ አልቀዳም፣ እንጨትም አልሸከምም።"

ጥሩወርቅ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። "ፍርዱ ሙላቴን ነው የሚመለከት" አለች። "እኔ አልተከሰስኩም። ሰኞ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ፤ ስትመለሺ እንስራው በር ላይ ይጠብቅሻል።"

"ይግባኝ እላለሁ!" አለች ዝናሽ።

ባለባጃጁ ከፊት ሆኖ ሲስቅ መሪው ሸሸውና ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ አራቱም ከመቀመጫቸው ነጥረው ጣራውን በጭንቅላታቸው መቱ።